ከፀሐይዋ ሥር ያለው አገር



የቤተ ክርስቲያናችንን ወጣቶች የቴሌግራም ቡድን ስከፍት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ያጋጥመኛል፦ የቀላ ሰማይ፣ ልትገባ የተቃረበች ፀሐይ፣ ከሥሯ የሚያብረቀርቅ ውኃ፣ በውኃው ላይ የተጻፈ የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ። አንዳንዶቹ ከኢንተርኔት የተወሰዱ የሩቅ አገር ባሕሮች ናቸው። ሌሎቹ ግን የራሳችን ናቸው፤ ከዲላ በላይ ካሉት ኮረብታዎች ወይም ከይርጋ ጨፌ ከፍታዎች ላይ ሆነው ወደ አባያ ሐይቅ አቅጣጫ ያነሷቸው። እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። ለአገልግሎት አብረውኝ የሚጓዙ ወንድሞች ያውቁታል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን «እስቲ መኪናውን አንዴ አቁሙልኝ» ማለቴ አይቀርም።

ዛሬ ስለዚህ ፎቶግራፍ ጥቂት ልበላችሁ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ፀሐይ ስትገባ ዓይናችን ምን ላይ እንደሚያርፍ ስለ ልባችን ብዙ ይናገራል።

ባሕር የለንም ለምትሉ

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ ከወጣቶቻችን አብዛኞቹ ባሕርን የሚያውቁት በፊልም ነው። አንዱ በቅርቡ «ፓስተር፣ እኔ እኮ ፀሐይ ባሕር ላይ ስትገባ አንድ ቀን በዓይኔ አይቼ ፎቶ ባነሣ ደስ ይለኝ ነበር፤ የእኛ ሐይቅ ብቻ ነው» አለኝ።

እኔም እንዲህ አልሁት። ጌታችን በማዕበሉ ላይ የተራመደበት የገሊላ ባሕር ጨው የሌለበት ሐይቅ ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ በጻፈበት በግሪክኛው ቋንቋ «ሐይቅ» እያለ ነው የሚጠራው፤ «ባሕር» የሚሉት ሌሎቹ ወንጌላውያን ናቸው። ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ በሰፊው ቦታ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የእኛ አባያ ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ጴጥሮስና ዮሐንስ መረባቸውን የጣሉበት ውኃ በስፋቱ የአባያን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ባሕር ካስፈለገህ ባሕርህ ከበርህ ፊት ለፊት ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ከእኛ በኩል ሆኖ ለሚያይ ሰው ፀሐይ ውኃው ውስጥ አትገባም። እኛ ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ነን፤ ሐይቁ ከታች ነው፤ ከሐይቁ ወዲያ ደግሞ የጋሞ ተራሮች ቆመዋል። ፀሐይዋ የምትገባው ከእነርሱ ጀርባ ነው። ከመግባቷ በፊት ብርሃኗ ለጥቂት ጊዜ በውኃው ላይ ይተኛል፤ ሐይቁም እንደ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሆኖ ይታያል። ጥርና የካቲት ላይ አቧራና ጢሱ ይጋርደዋል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር፣ ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ አየሩ ጠርቶ ያሳያል።

ከሐይቁ ዳር ሆነው የሚያነሱ ሰዎችም የአባያ ፎቶ ሲያሳዩ «ፊልተር ተጠቅመህ ነው?» ተብለው ይጠየቃሉ፤ ውኃው ቡናማ ቀይ ነውና። ፊልተር አይደለም፣ አፈር ነው። ብላቴ፣ ጊዳቦና ገላና የሚባሉት ወንዞች ከየተራራው ጠርገው የሚያወርዱት ደለል ነው ውኃውን ያቀላው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ብዙዎቻችን ተደስተናል። አባቶቻችን ትልልቁን ዛፍ ከላይ፣ ቡናውን ከሥሩ፣ እንሰቱን በመካከል እያደረጉ ያቆዩት እርሻ ከብዙ ጥቅሙ አንዱ ይህን አፈር በቦታው መያዙ ነው። ዛፉ በተቆረጠበት ቦታ አፈሩ ወደ ታች ይሄዳል። ስለዚህ ያ የምናደንቀው የማታ ቅላት ግማሹ የሰማይ ውበት ሲሆን ግማሹ ከአንድ ገበሬ ማሳ የታጠበ ምድር ነው። ውብ ነገር ሁሉ ከሥሩ ታሪክ አለው።

ካሜራው ይመርጣል

ፀሐይ ስትገባ ያነሣ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የእኛ ዓይን ብሩሁንም ጨለማውንም ባንድ ጊዜ አቻችሎ ያያል፤ ካሜራ ግን ይህን ያህል አይችልም። አዲሶቹ ስልኮች ብዙ ፎቶ ባንድ ጊዜ አንሥተው በማዋሐድ ሊያግዙት ይሞክራሉ፤ ያም ቢሆን ልክ አለው። ስክሪኑን ፀሐይዋ ላይ ነካ ካደረጋችሁ፣ ፀሐይዋ ክብ ሆና፣ ሰማዩም በቀይና በወርቅ ቀለሙ ይወጣል። ምድሩ ግን ጥቁር ይሆናል። በመካከል የቆመ ሰው ካለ ፊቱ ጠፍቶ ጥላው ብቻ ይቀራል። ጨለማው ላይ ነካ ካደረጋችሁ ደግሞ ምድሩ ይታያል፤ ሰማዩ ግን ነጭ ሆኖ ይነድዳል፣ ፀሐይዋም ቅርጽ ታጣለች።

አብዛኞቻችን ፀሐይዋን እንመርጣለን። ለዚህም ነው በየስልካችን ያሉት የማታ ፎቶዎች ከሥራቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር የሆኑት። በዚያ ጥቁር ውስጥ ግን ሰው አለ። በአባያ በጊዲቾ ደሴት የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች አሉ፤ ከብት እየነዱ ወደ በረታቸው የሚመለሱ እረኞች አሉ፤ እሳት እያነደደች ያለች እናት አለች። ጣሊያናዊው ተጓዥ ቪቶሪዮ ቦቴጎ ከመቶ ዓመት በፊት አባያን ባየ ጊዜ በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰይሞት ነበር። በዳርቻው የሚኖሩት ሰዎች ግን ከእርሱ በፊትም ሐይቁን በስሙ ይጠሩት ነበር። ከሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው አገር ያያል፤ ሰው ያለበት መሆኑን ግን በቀላሉ ይዘነጋል።

«አገሬ እዚያ ነው»

በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያና ሰኔ ላይ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል የሆነውን የዚህ አገር ሰው አይረሳውም። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ወጣ። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ የቡናና የእንሰት ማሳ ያለ ባለቤት ቀረ። ትምህርት ቤቶችና የአምልኮ አዳራሾች መጠለያ ሆኑ። እኛም አግዳሚ ወንበሮቻችንን አውጥተን ወለሉ ላይ ሰሌን አነጠፍን።

ያን ጊዜ ወደ እኛ ከመጡት መካከል አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም። ሠላሳ ዓመት የኖሩት ከታች፣ በገላና በኩል ነበር፤ ጎረቤቶቻቸውም ጉጂዎች ነበሩ። በኋላ ብዙዎቹ ሲመለሱ እርሳቸው አልተመለሱም። ቤታቸው ተቃጥሏል፣ ጉልበታቸውም ደክሟል፤ ልጃቸው ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። የልጃቸው ቤት ከፍታ ላይ ስለሆነ ከግቢው ሆኖ ምዕራቡን ሁሉ ማየት ይቻላል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ የኅዳር ማታ ልጠይቃቸውና አብሬያቸው ልጸልይ ሄድሁ። በግቢው በአልጋ ላይ የተሰጣ ቡና አለ፤ ልጃቸው ቡና ትቆላለች። ፀሐይዋ ልትገባ ነው። እንደ ልማዴ ስልኬን አውጥቼ ሁለት ሦስት ፎቶ አነሣሁ።

«ምን አነሣህ ልጄ?» አሉኝ በጌዴኡፋ።

ሰጠኋቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት።

«ፀሐይዋ ታምራለች» አሉ። ከዚያ በጣታቸው ከሥሯ ያለውን ጥቁር ቦታ እየነኩ «ይሄስ ምንድን ነው?»

«ምድሩ ነው እማማ። ካሜራው ፀሐይዋን ሲያይ ምድሩ ይጨልምበታል።»

ዝም አሉ። ቀጥለው «አገሬ እዚያ ነው» አሉኝ። «ፀሐይዋን ተዋትና እሱን አውጣልኝ።»

ስክሪኑን ጨለማው ላይ ነካ አድርጌ እንደገና አነሣሁ። ሰማዩ ነጣ፣ ፀሐይዋ ቅርጽ የሌላት ነጭ ነገር ሆነች። ሸንተረሩ ግን ተራ በተራ ወጣ፤ በአንድ ስፍራ ጢስ ይወጣል፤ በስተመጨረሻ የሐይቁ ጠርዝ አለ። ለማንም የማይላክ ፎቶ ነው። እርሳቸው ግን ልጃቸው እያጎላችላቸው በጣታቸው መንገድ ጀመሩ፦ «ይሄ ጋራ... ወንዙ በዚህ ይወርዳል... ቤታችን ከዚህ ወዲያ ነበር።» ቤቱ አይታይም፤ በዚያ ርቀት ሊታይም አይችልም። ጣታቸው ግን ያለ ጥርጥር አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

ከዚያ ስለ ጎረቤታቸው ነገሩኝ። ጉጂ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ያዋለዷት እርሳቸው ናቸው። በዚያች ክፉ ሌሊት ቀድማ መጥታ በር አንኳክታ «ውጡ፣ እየመጡ ነው» ያለቻቸው እርሷ ናት። ባሏ ግን ከሚመጡት ጋር እንደ ነበረ በኋላ ሰምተዋል።

«እሷን እባርካለሁ» አሉ። «እሱን ግን ገና እየታገልሁ ነው። በየማታው በዚህች ሰዓት ወደዚያ ዞሬ እቆማለሁ። ፀሐይዋ እንኳ በየማታው ቤቷ ትገባለች፤ እኔ አልገባሁም። ግን ለጌታ ‹ጥላቻዬን ይዤ አላድርም› ብዬዋለሁ። ስሙን ጠርቼ እጸልይለታለሁ። አንዳንድ ማታ ከልቤ ይወጣል። አንዳንድ ማታ አይወጣም፤ በማግስቱ እንደገና እጀምራለሁ።»

ቡናው ተፈላ፤ ጸለይን። እርሳቸው ናቸው የጸለዩት። የሁለቱንም ስም ጠሩ።

ኤፌሶን 4፥26ን በኮሌጅ በግሪክኛው አንብቤዋለሁ፤ ከመድረክም ሰብኬበታለሁ። ሐዋርያው ቁጣችን ከቀኑ ፀሐይ በላይ ዕድሜ እንዳይኖረው ያዘዘበት ስፍራ ነው። ሰው በዚህ ቃል ሲኖር ያየሁት ግን በዚያ ግቢ ነው። አማርኛችን ለፀሐይዋም ለሰውም አንድ ቃል መጠቀሙን አስቡት፤ ፀሐይ ትገባለች፣ ሰውም ወደ ቤቱ ይገባል። ቁጣ ግን እንዲገባ አልተፈቀደለትም፤ ከገባ ቤቱን የራሱ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ግን እንዳትሳሳቱብኝ። ይቅርታ እውነትን መሸፈን አይደለም። የተቃጠለ ቤት ተቃጥሏል፤ የተገደለ ሰው ተገድሏል፤ ፍርድና ካሣ ሊኖር ይገባል። የጌዴኦና የጉጂ አባቶች ደም ከፈሰሰ በኋላ የሚያስታርቁበት «ጎንዶሮ» የሚባል የቆየ ሥርዓት አላቸው። በአፈጻጸሙ ላይ እኛ ወንጌላውያን የራሳችን ጥያቄ ቢኖረንም፣ ደም በዝምታ እንደማይደርቅ ማወቃቸውን አከብራለሁ። እኚህ እናትም የሆነውን አልሸፈኑም፤ ማን እንደ መጣ ያውቃሉ። በልባቸው ያለውን ግን በየማታው ለፈራጁ ጌታ ያስረክባሉ።

ፀሐይ ስትገባ በመጽሐፍ ቅዱስ

ከዚያ ማታ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ፀሐይ መግቢያ የሚናገርባቸውን ስፍራዎች እየፈለግሁ አነበብሁ። ውበቱን የሚያደንቁ አሉ። መዝሙር 65 የማታውን መውጫ ደስታ ያነሣል፤ መዝሙር 104፥19ም ፀሐይ የምትገባበትን ጊዜ እንደምታውቅ ይናገራል። ስለዚህ ቆም ብሎ ማየትና ፈጣሪን ማመስገን መልካም ነው።

ብዙዎቹ ስፍራዎች ግን ዓይናችንን ወደ ሰው ያዞሩታል። ዘዳግም 24፥15 የቀን ሠራተኛ ደመወዙ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ድሀ ነውና፣ ነፍሱ እርሱን ትጠብቃለችና። በቡና ለቀማ ወቅት ይህን ቃል ማንበብ ለእኛ አገር አማኝ ቀላል አይደለም። ዘጸአት 22፥26 በመያዣ የተወሰደ የድሀ ልብስ ፀሐይ ሳትገባ እንዲመለስለት ይላል፤ ሌሊቱ ብርድ ነውና። ማርቆስ 1፥32 በቅፍርናሆም ፀሐይ ስትገባ ሕመምተኞችን ሁሉ ወደ ኢየሱስ እንዳመጡ ይነግረናል። ሰንበቱ አልቆ ሸክም መሸከም የተፈቀደበት ሰዓት ነበርና ሰዎች የተሸከሙት የታመመ ጎረቤታቸውን ነበር። በሉቃስ 24 የኤማሁስ መንገደኞች ቀኑ ስለ መሸ አንድ እንግዳ ወደ ቤታቸው እንዲገባ ግድ አሉት፤ እንጀራውንም ሲቆርስ ጌታ መሆኑን አወቁ።

በእግዚአብሔር ቃል ማታ የሒሳብ መዝጊያ ሰዓት ነው። ያልተከፈለው ይከፈላል፤ የተያዘው ይመለሳል፤ የታመመው ይወሰዳል፤ እንግዳው ይገባል፤ ቁጣው ይወጣል።

እምነትን ገና እየፈለጋችሁ ይህን የምታነቡ ወገኖች፣ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ወንጌል የሚነግረን እግዚአብሔር ራሱ ይህን ሒሳብ እንዴት እንደ ዘጋው ነው። ኢየሱስ በመስቀል ላይ ሳለ ፀሐይ በቀትር ጨለመች፤ ሥጋውም ሰንበት ሳይገባ ወደ መቃብር ወረደ። ጳውሎስ በኤፌሶን 2 ይህ ሞት በጠላትነት የተለያዩትን ሁለት ሕዝቦች አንድ እንዳደረገ፣ በመካከል የነበረውንም ግድግዳ እንዳፈረሰ ይናገራል። እኚያ እናት በየማታው የሚቆሙት በራሳቸው ጉልበት አይደለም። የእርሳቸው ዕዳ ተከፍሎላቸዋል፤ ስለዚህ የሌላውን ዕዳ ለጌታ መተው ይማራሉ። ደግሞም በዘፍጥረት 1 ቀን የሚቆጠረው ከማታ ጀምሮ ነው፦ መጀመሪያ ማታ፣ ቀጥሎ ጥዋት። በእግዚአብሔር አቆጣጠር ጨለማው የቀኑ መጀመሪያ ነው፤ መጨረሻው ብርሃን ነው። ጌታ ከመቃብር የተነሣውም በማለዳ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለወጣቶቻችን ፎቶ አታንሡ አልልም። አንሡ፤ እኔም አነሣለሁ። ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ ኮረብታ ላይ ስትወጡ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ ፀሐይዋን ካነሣችሁ በኋላ ዞር በሉ። ጀርባችሁን ለፀሐይዋ ስትሰጡ ያ ወርቅማ ብርሃን በሙሉ አብረዋችሁ በቆሙት ሰዎች ፊት ላይ ያርፋል። በቀን ውስጥ ለሰው ፊት ከዚህ የተሻለ ብርሃን የለም። የእናታችሁን፣ የጓደኛችሁን፣ ከለቀማ የምትመለሰውን እኅት ፊት ፈቅደውላችሁ አንሡ። ያን ፎቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ ጨለማው ላይ ነካ አድርጉና ምድሩን አንሡ። ውብ ላይሆን ይችላል። ግን በዚያ አቅጣጫ ማን እንደሚኖር ጠይቁ። ከዲላ ወደ ምዕራብ ለምናይ ለእኛ ፀሐይ የምትገባው በጎረቤታችን አገር ላይ ነው። ጉጂው ወንድማችን በበኩሉ በየማለዳው የምትወጣለትን ፀሐይ የሚያየው ከእኛ ተራሮች ላይ ነው። አንዱ ሌላውን ሳያይ ፀሐይን ማየት አይችልም። በዚያ ከሚኖሩት የአንድ ሰው ስም ካወቃችሁ ስሙን ጠርታችሁ ጸልዩ።

ሦስተኛ፣ ስልኩ በእጃችሁ ነውና ከመጨለሙ በፊት አንድ ሰው ጋ ደውሉ። የተጣላችሁት፣ ያኮረፋችሁት፣ ያልከፈላችሁት ሰው ካለ እርሱ ጋ። በእኛ አገር ፀሐይዋ ተራራው ላይ ካረፈች በኋላ ተሸፍና እስክታልቅ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስድባት። አንድ «ይቅር በለኝ» ወይም «ይቅር ብዬሃለሁ» ለማለት ግን ይበቃል።

አባት ሆይ፣ ፀሐይን በክፉዎችና በበጎዎች ላይ የምታወጣ አንተ ነህና፣ በጌዴኦም በጉጂም ላይ ፊትህን አብራ። ከቤታቸው ርቀው የሚያድሩትን አስባቸው። በልባችን ያደረውን ቁጣ ዛሬ ማታ አውጣልን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።